ትእዛዝ ማስረግ፦ በቤት ራውተሮች ፈርምዌር ውስጥ የሚደጋገም የደኅንነት ክፍተት

ኮማንድ ኢንጀክሽን ወይም ትእዛዝ ማስረግ የሚባለው የደኅንነት ክፍተት የሚፈጠረው፣ አንድ ፕሮግራም ከውጭ የተቀበለውን ጽሑፍ ሳይመረምር ከራሱ ትእዛዝ ጋር አያይዞ ለኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ሲያቀብል ነው። እንደ ተራ መረጃ የገባው ጽሑፍ በዚህ መንገድ ትእዛዝ ሆኖ ይፈጸማል። ስህተቱ በብዙ ዓይነት ሶፍትዌር ውስጥ ይታያል፤ በቤት ውስጥ የዋይፋይ ራውተሮች ላይ ግን መፍትሔው ከታወቀ ብዙ ዓመታት አልፎም በአዳዲስ ሞዴሎች ሳይቀር መገኘቱ አልቀረም።

ራውተር ትንሽ ኮምፒውተር ነው። ፈርምዌሩ፣ ማለትም መሣሪያውን የሚያሠራው ውስጣዊ ሶፍትዌር፣ በአብዛኛው በተመጠነ ሊኑክስ ላይ የተሠራ ሲሆን፣ ባለቤቱ በብራውዘር የሚከፍተውን የማስተካከያ ገጽ የሚያስተናግደው ብዙውን ጊዜ በሲ ቋንቋ የተጻፈ ፕሮግራም ነው። ይህ ፕሮግራም የኔትወርክ ሥራዎችን ራሱ ከመሥራት ይልቅ የተዘጋጁ የሊኑክስ ትእዛዞችን ይጠራል። ዋነኛው ምሳሌ የግንኙነት መፈተሻው የፒንግ ገጽ ነው። ተጠቃሚው የአይፒ አድራሻ ይጽፋል፤ ፕሮግራሙም «ፒንግ» ከሚለው ቃል ቀጥሎ አድራሻውን ይለጥፍና ሙሉውን መስመር የትእዛዝ ተርጓሚው ሼል እንዲፈጽመው ይሰጠዋል። ከአድራሻው ቀጥሎ ሴሚኮለንና ሌላ ትእዛዝ የጻፈ ሰው ግን ሼሉ ሁለት ትእዛዞችን እንዲፈጽም ያደርገዋል፤ ሴሚኮለን ለሼል የአንዱ ትእዛዝ መጨረሻ ምልክት ነውና። ሼሉ አልተሳሳተም፤ የተሰጠውን መስመር በሕጉ መሠረት አነበበ እንጂ። በነገራችን ላይ፣ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት የሊንክሲስ ደብሊውአርቲ54ጂ ባለቤቶች በገዛ መሣሪያቸው ላይ የራሳቸውን ፈርምዌር ለመጫን የተጠቀሙት ይህንኑ የፒንግ ገጽ ስህተት ነበር።

የጉዳቱን መጠን የሚወስነው ትእዛዙ የሚፈጸምበት ሥልጣን ነው። በብዙ የቤት ራውተሮች የማስተካከያው ፕሮግራም የሚሠራው ሩት በሚባለው ገደብ የለሽ ሥልጣን ስለሆነ፣ ሰርጎ የገባው ትእዛዝም ያንኑ ሥልጣን ይወርሳል። አጥቂው የድረ ገጽ ስሞችን ወደ አይፒ አድራሻ የሚተረጉመውን የዲኤንኤስ አገልግሎት አድራሻዎች ቀይሮ የቤቱን ሰዎች ወደ ሐሰተኛ ድረ ገጾች ሊመራ፣ የሚያልፈውን ትራፊክ ሊከታተል፣ ወይም መሣሪያውን ቦትኔት የሚባለው፣ በርቀት የሚታዘዝ የተጠለፉ መሣሪያዎች ስብስብ አባል ሊያደርገው ይችላል።

ክፍተቱ ያለው የይለፍ ቃል ከሚጠይቅ ገጽ በስተጀርባ ከሆነ አደጋው ቀላል ነው የሚል ክርክር አለ፤ ብዙ ጊዜ ግን አይጸናም። በ2018 በዳሳን የፋይበር ራውተሮች ላይ ሁለት ክፍተቶች ይፋ ሆነው ነበር። አንደኛው በገጹ አድራሻ ላይ ጥቂት ፊደላት በመጨመር ብቻ የይለፍ ቃሉን ለማለፍ የሚያስችል ሲሆን፣ ሁለተኛው በዚያው በፒንግ ገጽ ትእዛዝ ለማስረግ በር ይከፍት ነበር። በዲሴምበር 2016 ኔትጊር አር7000ን ጨምሮ በበርካታ ሞዴሎች ላይ የተገለጠው ክፍተት ደግሞ ጭራሽ የይለፍ ቃል አያስፈልገውም ነበር። አጥቂው ከኔትወርኩ ውጭ ቢሆን እንኳ ከቤቱ አንድ ሰው የተመረዘ ገጽ እንዲከፍት ማድረግ ይበቃዋል፤ ጥያቄውን ወደ ራውተሩ የሚልከው የዚያው ሰው ብራውዘር ነው። በካርኔጊ ሜሎን ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው የኮምፒውተር ደኅንነት ክፍተቶችን የሚከታተለው የሰርት ማስተባበሪያ ማዕከል ክፍተቱን የሚደፍን ማስተካከያ እስኪወጣ ድረስ ራውተሮቹን መጠቀም እንዲቆም መምከሩ የነገሩን ክብደት ያሳያል።

እነዚህ ክፍተቶች በሰው እጅ ብቻ አይበዘበዙም። በፌብሩዋሪ 2014 ዘሙን የተባለው ትል በሊንክሲስ ኢ ተከታታይ ራውተሮች ላይ ራሱን በራሱ አዛምቷል፤ በ2017 መጨረሻም ሳቶሪ የተባለው ቦትኔት የሁዋዌ ኤችጂ532 ራውተሮችን ዩፒኤንፒ በሚባለው፣ መሣሪያዎች በኔትወርኩ ላይ በራሳቸው እንዲገናኙ በሚያደርገው አገልግሎታቸው በኩል ጠልፏል። በቲፒ ሊንክ አርቸር ኤኤክስ21 ላይ የተገኘውና ሲቪኢ በሚባለው የታወቁ ክፍተቶች መዝገብ ሲቪኢ-2023-1389 የሚል መለያ የተሰጠው ክፍተት በተለይ አስተማሪ ነው፤ ትእዛዙ የሚሰርገው ተጠቃሚው አገሩን በሚመርጥበት መስክ ነበርና፣ ማንም አደገኛ ብሎ በማይጠረጥረው ቦታ። ክፍተቱን የሚደፍነው ማስተካከያ በማርች 2023 ቢወጣም፣ በቀጣዩ ወር ሚራይ የተባለው ማልዌር ያልታደሱ ራውተሮችን መጥለፍ ጀምሯል።

ችግሩን የሚያባዛው የፈርምዌር አሠራር ራሱ ነው። ራውተር አምራቾች ከቺፕ አምራቹ የሚቀበሉትን የተዘጋጀ ኮድ በየራሳቸው ስም ስለሚያወጡ፣ አንድ ስህተት በብዙ ብራንዶች ውስጥ ይገኛል። በቺፕ አምራቹ በሪልቴክ ኮድ ውስጥ የነበረው ሲቪኢ-2014-8361 ለዚህ ማስረጃ ነው።

መፍትሔውን በተመለከተ፣ ሴሚኮለንን ብቻ ማገድ በተግባር ከንቱ ነው። ቀጥ ያለ መስመር፣ አዲስ መስመር፣ የዶላር ምልክትና ቅንፍ ሁሉም ያንኑ ሥራ ይሠራሉ። ማጣሪያውን ብራውዘር ላይ ማድረግም አያዋጣም፤ አጥቂው ገጹን ሳይከፍት ጥያቄውን በቀጥታ ለራውተሩ መላክ ይችላል። የሚሻለው ሼሉን ጨርሶ ሳይጠሩ ትእዛዙንና ግብዓቱን ለየብቻ ለኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ማስረከብ፣ በተጨማሪም የተፈቀደውን ቅርጽ ብቻ መቀበል ነው። የአሜሪካው የሳይበር ደኅንነት ተቋም ሲሳና ኤፍቢአይ በጁላይ 2024 ለአምራቾች ባወጡት ማሳሰቢያ የጠየቁትም ስህተቱ ገና በዲዛይን ደረጃ እንዲወገድ ነው።

ተጠቃሚው ፈርምዌሩን ማደስ፣ የራውተሩ የማስተካከያ ገጽ ከኢንተርኔት በኩል እንዳይከፈት መዝጋት፣ የማያስፈልገውን ዩፒኤንፒ ማጥፋት ይችላል። አምራቹ ማደስ ያቆመውን ራውተር ግን ከመለወጥ ሌላ ብዙ አማራጭ የለም። በብሪታንያ ከኤፕሪል 29 ቀን 2024 ጀምሮ የጸናው ሕግ አምራቾች የደኅንነት ማሻሻያ የሚሰጡበትን አነስተኛ ጊዜ ለገዢው እንዲገልጹ ያስገድዳል።