«ጠቅ ጠቅ ካለ ሞቷል» እና ሌሎች የዚፕ ዲስክ ወሬዎች

ባለፈው ክረምት አንድ መሪጌታ ከሞጣ ባሕር ዳር መጥተው በፌስታል የተጠቀለለች ዕቃ ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩ። ስፋቷ የድሮዋን የኮምፒውተር ዲስክ፣ ፍሎፒን ታህላለች፤ ውፍረቷ ግን እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው። የተለጠፈባት ወረቀት ላይ በእስክሪብቶ «የአባ ቅኔ፣ ጥር 91» ይላል። ልጃቸው ያኔ ቢሮ ይሠራ ነበርና፣ ማታ ማታ እየቆየ የአባቱን የቅኔ ደብተር የተየበባት ዚፕ ዲስክ ናት።

«ልጄ፣ ሦስት ቦታ ጠየቅሁ፤ ሦስቱም የየራሳቸውን ነገሩኝ» አሉ። የተነገራቸውን ሰማሁ። አንዱም ልክ አልነበረም። እኔ ራሴ ከምሰማው ጋር ቀላቅዬ ላንሳው።

«ዚፕ የታመቀ ፋይል ነው፤ በሶፍትዌር ይከፈታል»

ስሙ ነው ያሳሳተው። የታመቀው ፋይል ሌላ፣ ይህ ሌላ። ዚፕ ዲስክ አዮሜጋ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1995 ለገበያ ያወጣው፣ የራሱን ድራይቭ፣ ማለትም ማንበቢያ መሣሪያ፣ የሚፈልግ ካርትሪጅ ነው። የመጀመሪያው 100 ሜጋባይት ይይዝ ነበር፤ የ70 ፍሎፒ ያህል ማለት ነው። ዛሬ ለስልክ ፎቶ እንኳ አይበቃም። ያኔ ግን የአንድ ቢሮ ወረቀት በሙሉ ይገባበታል።

«ሁሉም ያው ፍሎፒ ነው»

አይደለም። ዚፕ ውስጥ ያለው እንደ ፍሎፒ የሚተጣጠፍ ስስ ዲስክ ነው። ጃዝ እና ሳይክዌስት የሚባሉት ካርትሪጆች ውስጥ ያለው ግን እንደ ሃርድ ዲስክ ጠንካራ ሳህን ነው። አንባቢው ጭንቅላት ከሳህኑ በላይ ለጥቂት ነው የሚንሳፈፈው። ስለዚህ አቧራ ጠላታቸው ነው። በጋ ላይ በርና መስኮት ከፍቶ ጃዝ ካርትሪጅ መክተት የኛን አገር አቧራ አለማወቅ ነው። እኔ እንዲህ ያለ ሥራ ሲመጣ ክፍሉን በእርጥብ ጨርቅ ወልውዬ፣ በሩን ዘግቼ ነው የምጀምረው። ሰው ይስቃል። ይሳቅ።

«የዩኤስቢ ገመድ ከተገኘ ይሠራል»

ለመሪጌታ የተነገራቸው አንዱ ይህ ነው። አንድ አሮጌ ድራይቭ ከመርካቶ ምናለሽ ተራ አስመጥተው ነበር፤ ከገመዱ ጋር። ድራይቩ የፓራለል ነው፤ ማለትም ድሮ ፕሪንተር የሚሰካበት ሰፊው ባለ 25 እግር ሶኬት። ገመዱ ደግሞ ፓራለልን ወደ ዩኤስቢ የሚቀይር ነው። እንዲህ ያለው ገመድ የተሠራው ለፕሪንተር ብቻ ነው፤ ዚፕ ድራይቭን አያውቀውም። ሁለት መንገድ ነው ያለው፦ ወይ ሲሠራ ጀምሮ ዩኤስቢ የሆነ ዚፕ ድራይቭ መፈለግ፣ ወይ እውነተኛ ፓራለል ፖርት ያለው አሮጌ ኮምፒውተር ማስነሣት።

የባሰም አለ። የድሮ ማኪንቶሽ (የአፕል ኮምፒውተር) ጀርባ ላይ ያለው፣ ድራይቭና የመሳሰለው የሚሰካበት የስካዚ ሶኬትም ባለ 25 ነው። መልኩ አንድ፣ ኤሌክትሪኩ ሌላ። የፓራለሉን ድራይቭ እዚያ መሰካት ዕቃ ያበላሻል። «ከገባ ይሠራል» የሚል ሰው ከዚህ ዕቃ ይራቅ። የመብራት አዳፕተሩም እንዲሁ ነው፤ ከውጭ የሚሰካው ዚፕ 100 የሚፈልገው 5 ቮልት ነው፤ ቤት ውስጥ የተገኘው አዳፕተር ቀዳዳው ቢገጥምም መጀመሪያ ላዩ ላይ የተጻፈውን አንብቡ።

«ጠቅ ጠቅ ካለ ዲስኩ ሞቷል፤ በሌላ ድራይቭ ሞክረው»

እዚህ ላይ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ነው። ዲስክ ሲገባ አንድ ሁለት ጊዜ ጠቅ ማለት ያለ ነው። ሳያቋርጥ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ ካለ ግን ጭንቅላቱ ማንበብ አቅቶት እየተመለሰ፣ እንደገና እየወጣ ነው። ፈረንጆች «የሞት ጠቅታ» ይሉታል። ጥፋቱ የዲስኩ ሊሆን ይችላል፣ የድራይቩም ሊሆን ይችላል። ችግሩ ይተላለፋል፦ የተጣመመ ጭንቅላት የዲስኩን ጠርዝ ይተለትላል፤ ጠርዙ የተተለተለ ዲስክ ደግሞ የደህናውን ድራይቭ ጭንቅላት ይነቅላል።

ይህን የተማርሁት ከፍዬ ነው። አንድ ጊዜ ጠቅ ጠቅ ያለብኝን ዲስክ በችኮላ አውጥቼ ሁለተኛው ድራይቭ ውስጥ ከተትሁት። ዲስኩም ሄደ፣ ሁለቱም ድራይቮች ሄዱ። አሁን መጀመሪያ የብረት መዝጊያዋን በጥፍሬ ገፋ አድርጌ፣ ዲስኩን ቀስ ብዬ እያዞርሁ ጠርዙን በባትሪ አያለሁ። የተቀደደ ወይም የተጫረ ነገር ካለ አይገባም። ድራይቩንም የምሞክረው ቢጠፋ በማያሳዝን ባዶ ዲስክ ነው።

መብራት ቢጠፋና ዲስኩ ውስጥ ቢቀርስ? በቢላ መፈልቀቅ የለም። ገመዱን ነቅሎ፣ ከድራይቩ ጀርባ ባለችው ትንሽ ቀዳዳ የተቃና የወረቀት ማያያዣ ሽቦ መግፋት ነው።

«ፎርማት ይደረግ ካለ ባዶ ነው»

ዊንዶውስ እንዲህ የሚጠይቀው ሊያነበው ስላልቻለ ነው። በማኪንቶሽ የተዘጋጀ ዲስክ ሲገባም ያንኑ ይጠይቃል። መልሱ ሁልጊዜ «አይ» ነው። ዲስኩን በማግኔት አጥፍቶ እንደ አዲስ ማዘጋጀትም አይቻልም፤ ጭንቅላቱን የሚመሩት ምልክቶች ፋብሪካ ላይ ተጽፈው ነው የሚመጡት። እነሱ ከጠፉ ዲስኩ የሻይ ማስቀመጫ ነው።

«ፊደሉ ከተዝረከረከ ፋይሉ ተበላሽቷል»

የመሪጌታ ዲስክ በዩኤስቢ ድራይቭ ያለ ምንም ድምፅ ተነበበች። ከሁሉ በፊት ሙሉ ቅጂዋን ወሰድሁ። የፋይሉ ቀን ጃንዋሪ 1999 ይላል፤ ከጥር 91 ጋር ልክ ገጠመ። ስከፍተው ግን ስክሪኑ በላቲን ፊደልና በቅንፍ ተሞላ።

«አላልሁህም? ብል በልቶታል» አሉ መሪጌታ።

አልበላውም። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ በሚጋሩት የፊደላት ቁጥር ሰንጠረዥ ውስጥ፣ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የአማርኛ ሶፍትዌር ፊደላችንን በላቲኑ ቦታ በራሱ አደራደር ያስቀምጥ ነበር። ያ ፎንት ከሌለ የሚታየው ዝብርቅርቅ ነው። ካስቀመጥኋቸው የድሮ ፎንቶች አንድ በአንድ ሞከርሁ። አራተኛው ላይ ቅኔው ወጣ።

መሪጌታ መነጽራቸውን አድርገው ወደ ስክሪኑ ተጠጉ። ከንፈራቸው እየተንቀሳቀሰ ሁለት መስመር ወረዱ። ሦስተኛው ላይ ቆሙና በጣታቸው ነካ አደረጉት።

«ይኼ ልጅ፣ ንጉሥን በእሳቱ ሰ ጻፈብኝ» አሉ።