ደባሉ ሬዲዮ፦ የኮግኒቲቭ ኔትወርክ የማሰራጫ ኃይል ከደሴ ሲታይ

ኮግኒቲቭ ሬዲዮ ዙሪያውን አዳምጦ ክፍት ያገኘውን ሞገድ የሚጠቀም ሬዲዮ ነው። ሐሳቡን በዚህ ስም እ.ኤ.አ. በ1999 ያስተዋወቁት ጆሴፍ ሚቶላና ጄራልድ ማጓየር ናቸው። አኗኗሩ የደባል ነው። ሞገዱን በፈቃድ የያዘ ባለቤት አለ፤ የቴሌቪዥን ጣቢያ እንበል። (እኛ አገር ሞገድ የሚደለድለው በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው።) ደባሉ ባለቤቱን ካልረበሸ ይኖራል። ከረበሸ ይወጣል። ስለዚህ ትልቁ ጉዳይ ምን ያህል ጮክ ብሎ ይናገር የሚለው ነው። የማሰራጫ ኃይል ቁጥጥር የሚባለውም ይኸው ነው።

አንዳንዱ ደባል ባለቤቱ ሲወጣ ብቻ ያወራል፣ ሲመለስ ጸጥ ይላል። ሌላው ባለቤቱ እያለም በሹክሹክታ ያወራል። የሚከብደው ሁለተኛው ነው። ልኩ የሚታየው ደባሉ አፍ ላይ ሳይሆን የባለቤቱ ጆሮ ላይ ነዋ። ጆሮው ደግሞ ድምፅ የለውም! ሳሎን የተቀመጠ ቴሌቪዥን ይቀበላል እንጂ አያሰራጭም። ደባሉ ይህ ጆሮ የት እንዳለ በምን ይወቅ?

ደሴ ላይ ጣጣው ይብሳል። ከተማዋ 2,500 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ የጦሳ ተራራን ተደግፋ ተቀምጣለች። ኮምቦልቻ ከእሷ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቁልቁል ወርዳ 1,850 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። ገላጣ ቦታ ላይ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን የሚደርሰው ኃይል ወደ ሩብ ይወርዳል። ተራራ ከተጋረጠ ግን ይህ ሂሳብ አይሠራም። ከጋራ ሥር ያለ ሬዲዮ ምንም አይሰማውም፤ ቤቱ ባዶ መሰለው፣ ድምፁን ለቀቀው። ከወዲያ በኩል የሰው ዜና ስክሪን ላይ ይቆራረጣል። ባለሙያዎች ይህን የተደበቀ ጣቢያ ችግር ይሉታል። በተቃራኒው፣ ከደሴ ጫፍ ቁልቁል የተለቀቀች 1 ዋት ኮምቦልቻ ሜዳ ላይ ትነጠፋለች።

የአሜሪካው ተቆጣጣሪ ኤፍሲሲ እ.ኤ.አ. በ2008 ለእንዲህ ያሉ መሣሪያዎች ማዳመጥንም፣ የባለቤቶች አድራሻ ያለበትን የመረጃ ቋት መጠየቅንም ግዴታ አድርጎ ነበር። በ2010 ግን ቋቱን ለሚጠይቁት ማዳመጡን አነሳላቸው። ቋሚ መሣሪያ እስከ 4 ዋት፣ በእጅ የሚያዝ እስከ 100 ሚሊዋት ተፈቀደለት፤ ጎረቤት ቻናል ከተያዘ 40። እኔን ከጠየቃችሁ፣ ወሎ ላይ ተራራን የማያውቅ ቋት ዋጋ የለውም።

ደባሎቹ እርስ በርስስ? ደሴ ሰኞ ገበያ ላይ ሁለት ልብስ ሻጮች ጎን ለጎን ሞንታርቦ ተክለዋል እንበል። አንዱ ሲጨምር ሌላውም ይጨምራል። መጨረሻ ላይ ሁለቱም ይጮኻሉ፣ ዋጋውን ግን የሰማ የለም። ሬዲዮዎችም እንደዚያው ናቸው። ተመራማሪዎቹ ፎሺኒና ሚልጃኒች እ.ኤ.አ. በ1993 ያወጡት መላ ቀላል ነው። እያንዳንዱ ሲግናሉ ከረብሻው ስንት እጥፍ እንደሆነ ይለካል። ከሚፈልገው ካነሰ በዚያው ልክ ይጨምራል፣ ከበለጠ ይቀንሳል። ለሁሉም የሚበቃ ልክ ካለ፣ ሳይነጋገሩ በትንሹ ኃይል ላይ ይረጋጋሉ። ከሌለ ግን ኃይላቸው እየናረ ጣሪያ የሚነኩ ይኖራሉ። ያኔ አንዱን ዝም ማሰኘት ግድ ነው።

ብዙ ቻናል ያለው ደባል ደግሞ ኃይሉን እንደ ውሃ ያከፋፍላል። ወለሉ ወጣ ገባ በሆነ ገንዳ ውስጥ ውሃ ሲፈስ ዝቅ ያለው ቦታ ብዙ ይይዛል። ረብሻው ያነሰበት ቻናልም ብዙ ኃይል ያገኛል። ባለቤት ያለበት ቻናል ላይ ግን ክዳን አለ፤ ከዚያ በላይ አይሞላም።

ቁጥጥሩ ራሱ ከኮግኒቲቭ ሬዲዮ ጋር የመጣ አይደለም። የ3ጂ ስልክ በጥሪ ላይ እያለ ኃይሉን በሰከንድ 1,500 ጊዜ ያስተካክላል። ሚኒባሱ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ሲወርድ ታወሩ ብቅ ጥልቅ ይላል። ተሳፋሪው ወሬውን ይቀጥላል፤ ስልኩ ጆሮው ላይ ሆኖ ኃይሉን ከፍ ዝቅ ያደርጋል።