የስፔን መሪ ዘፈኖች በፍራንኮ ዘመን ማምሻ

ከ1950ዎቹ መጨረሻ እስከ 1970ዎቹ አጋማሽ በስፔን ገነው የነበሩት ዘፈኖች በጄኔራል ፍራንሲስኮ ፍራንኮ አገዛዝ ማምሻ ላይ የተወለዱ ናቸው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀናትና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። አገዛዙ ጋዜጣውን፣ ፊልሙን፣ የዘፈኑን ግጥም ሳይቀር በሳንሱር ይፈትሽ ነበር። ዜማው ግን ድንበር አላወቀም። ዛሬ ስፔናውያን «የእኛ» ብለው በሠርግና በበዓል የሚዘፍኗቸው የዚያ ዘመን ሥራዎች ሲመረመሩ የጀርመን፣ የጣሊያን፣ የአርጀንቲና ወይም የቤልጂየም ሰው እጅ ይገኝባቸዋል። ስለ ዘመኑ ሲወራ ሁሌም ሳንሱሩ ይቀድማል፤ ይህ ቅይጥነት ግን ከሳንሱሩ ያላነሰ ትኩረት የሚገባው ይመስለኛል።

በዚያን ጊዜ አንድ ዘፈን «አንደኛ ወጣ» ሲባል የተሸጠው ሸክላ በመላ አገሪቱ ተቆጥሮ ነው ማለት አልነበረም። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ገበያውን የያዘው በየገጹ ሁለት ሁለት፣ በድምሩ አራት ዘፈን የሚይዘው ትንሹ ሸክላ ስለነበር፣ ገዢው የፈለገው የትኛውን ዘፈን እንደሆነ መለየት እንኳ ያስቸግር ነበር። ደረጃ የሚያወጡት መጽሔቶችና ሬዲዮ ጣቢያዎች ናቸው። ከሁሉም የገነነው ሐምሌ ወር 1966 ላይ ራፋኤል ሬቨርት በራዲዮ ማድሪድ የጀመረው «ሎስ ኩዋሬንታ ፕሪንሲፓሌስ» የተባለው ዝግጅት ነው፤ «አርባዎቹ ዋነኞች» እንደ ማለት ነው። በየሳምንቱ አርባ ዘፈን ደረጃ እየሰጠ ያሰማል። የመጀመሪያው ቁጥር አንድ የአሜሪካኖቹ የማማስ ኤንድ ዘ ፓፓስ «መንደይ፣ መንደይ» ነበር። ዝግጅቱ በኋላ ራሱን የቻለ የሬዲዮ ኔትወርክ ሆኗል።

ከዚያ በፊት ዘፋኝ የሚታወቀው በውድድር መድረክ ነበር። በ1959 በጣሊያኑ የሳን ሬሞ ውድድር አምሳያ የቤኒዶርም የዘፈን ፌስቲቫል ተጀመረ። ቤኒዶርም በሜዲትራኒያን ዳርቻ ያለች፣ ቀድሞ የአሣ አጥማጆች የነበረች ከተማ ስትሆን፣ ፌስቲቫሉም የታሰበው ቱሪስት እንዲስብ ነበር። በዚህ አንድ ስም ብቻ የሚታወቀው ዘፋኝ ራፋኤል በ1962፣ ሁልዮ ኢግሌስያስ በ1968 እዚያ አሸንፈዋል። ኢግሌስያስ በሪያል ማድሪድ ወጣት ቡድን በረኛ የነበረ ሲሆን፣ በመኪና አደጋ ክፉኛ ተጎድቶ ሲያገግም ነው ጊታር የለመደው። በዚሁ ጊዜ የባርሴሎናዎቹ ማኑኤል ዴ ላ ካልቫና ራሞን አርኩሳ፣ ማለትም ዱኦ ዲናሚኮ፣ ልጃገረዶችን በሬዲዮ ዙሪያ ይሰበስቡ ነበር። ብዙ ባንዶች የእንግሊዝና የጣሊያን ዘፈኖችን በስፓኝኛ ግጥም መልሰው ይጫወታሉ። የባርሴሎናው ሎስ ሙስታንግ ስሙን የተከለው የቢትልስን ዘፈኖች በዚህ መንገድ በመዝፈን ነው።

በማድሪድ ወጣቶች እሁድ ጠዋት በፕራይስ ሰርከስ አዳራሽ እየተሰበሰቡ ሮክ ይሰሙ ነበር፤ ባለሥልጣናቱ ዝግጅቱን ዘጉት። ሙዚቃውን ግን መዝጋት አልተቻለም። ቢትልስ በሐምሌ 1965 መጀመሪያ በማድሪዱ የላስ ቬንታስ የበሬ ፍልሚያ ሜዳና በባርሴሎና ተጫወቱ። በ1964 የተመሠረተው ባንድ ሎስ ብሪንኮስ የራሱን ዘፈን በስፓኝኛ እየደረሰ፣ የስፔን ካባ ደርቦ መድረክ ላይ ይወጣ ነበር። ተዋናይቷ ኮንቻ ቬላስኮ በ1965 የዘፈነችው «ላ ቺካ ዬዬ» የዘመናዊቷ ልጃገረድ መለያ ሆነ። ከዚያ ሎስ ብራቮስ መጣ። የ1966ቱ «ብላክ ኢዝ ብላክ» በብሪታንያ ሁለተኛ፣ በአሜሪካ አራተኛ፣ በካናዳ አንደኛ ደረጃ ላይ ወጣ። የስፔን ባንድ እንዲህ ሲሆን የመጀመሪያው ነበር። ድምፃዊው ማይክ ኮገል ጀርመናዊ ነው፤ ዘፈኑን የደረሱት እንግሊዛውያን ናቸው፤ የተቀረጸውም ለንደን ውስጥ ነው። ስፔን ግን ያለማመንታት እንደ ራሷ ድል ተቀበለችው፤ ልክም ነበረች።

የዘመኑ ትልቁ ፍጥጫ የተነሳው በጣም ቀላል ግጥም ባለው ዘፈን ላይ ነው። ለ1968ቱ የአውሮፓ አገሮች የዘፈን ውድድር፣ ለዩሮቪዥን፣ ዱኦ ዲናሚኮ የደረሱትን «ላ ላ ላ»ን እንዲዘፍን የተመረጠው ካታሎናዊው ጆአን ማኑኤል ሴራት ነበር። ውድድሩ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ሴራት በካታላን ካልሆነ አልዘፍንም አለ። ካታላን በፍራንኮ ዘመን ከትምህርት ቤትና ከመንግሥት መሥሪያ ቤት የተባረረ ቋንቋ ነው፤ ጥያቄው ለመንግሥት ቴሌቪዥን የሚዋጥ አልነበረም። በሜክሲኮ ትዘፍን የነበረችው ማሲየል በጥድፊያ ተጠራች። ሚያዝያ 6 ቀን 1968 ለንደን ላይ 29 ነጥብ አግኝታ፣ የብሪታንያውን ክሊፍ ሪቻርድን በአንድ ነጥብ በልጣ አሸነፈች። የሙዚቃው ቅንብር የጀርመናዊው የበርት ኬምፕፈርት ነበር። ለአገዛዙ ታላቅ ድግስ ሆነለት፤ ሴራት ደግሞ ለዓመታት ከቴሌቪዥን ታገደ። ሆኖም በሕዝብ ዘንድ ክብሩ አልቀነሰም፤ በ1971 ያወጣው «ሜዲቴራኔዎ» ከስፔን ምርጥ ዘፈኖች አንዱ እንደሆነ እስከ ዛሬ ይመሰከርለታል።

በድምፅ ጥራት ረገድ ዘመኑን የለወጠው ሂስፓቮክስ የተባለው ሸክላ አሳታሚ ነው። በማድሪድ ቶሬላጉና ጎዳና ባለው ስቱዲዮው ጣሊያናዊው ፕሮዲዩሰር ራፋኤል ትራቡኬሊና አርጀንቲናዊው አቀናባሪ ዋልዶ ዴ ሎስ ሪዮስ ለተራ የፍቅር ዘፈን ሙሉ ኦርኬስትራ ያሰልፉ ነበር። ቫዮሊኑ፣ ጥሩምባው፣ የኅብረት ድምፁ በአንድ ላይ ሲነሳ የዚያ ስቱዲዮ ሥራ መሆኑ ወዲያው ይታወቃል። ቤትሆቨን በተወለደ በ200ኛ ዓመቱ፣ በ1970፣ የዘጠነኛ ሲምፎኒውን መደምደሚያ አቀናብረው ለግራናዳው የሮክ ድምፃዊ ለሚጌል ሪዮስ ሰጡት። «ኢምኖ አ ላ አሌግሪያ» ጀርመን ውስጥ አንደኛ ወጣ፤ የቤትሆቨን አገር ሰዎች የራሳቸውን ዜማ ከስፔን መልሰው ገዙት።

ከቫሌንሲያ የመጣው ኒኖ ብራቮ በእኔ ጆሮ ከሁሉም ይልቃል። «ቴ ኪዬሮ፣ ቴ ኪዬሮ» እና «ሊብሬ» ላይ ድምፁ ከለሆሳስ ተነስቶ ሳይሰነጠቅ ጣራ ይነካል። ሚያዝያ 16 ቀን 1973 በመኪና አደጋ ሲሞት ዕድሜው 28 ብቻ ነበር፤ ከሞተ በኋላ የወጣው «አሜሪካ፣ አሜሪካ» በላቲን አሜሪካ ጭምር ተወደደ። በዚያው ዓመት የቢልባኦዎቹ ሞሴዳዴስ «ኤሬስ ቱ»ን ይዘው በዩሮቪዥን ሁለተኛ ወጡ፤ ዘፈኑ በ1974 በስፓኝኛ እንደተዘፈነ በአሜሪካ ዘጠነኛ ደረጃ ደረሰ።

ከዚህ ሁሉ ጎን የባሕር ዳርቻ ሙዚቃ ነበር። በ1960 ወደ 6 ሚሊዮን ገደማ የነበረው የውጭ ጎብኚ ቁጥር በ1973 ከ30 ሚሊዮን አልፎ ነበርና በየበጋው ገበያውን የሚቆጣጠር አንድ የጭፈራ ዘፈን ይጠበቃል፤ «የበጋ ዘፈን» ይሉታል። ሎስ ዲያብሎስ፣ ፎርሙላ ቬ እና ፈረንሳዊው ጆርጂ ዳን በዚህ ይታወቃሉ። ከቱሪዝሙ የተገኘው ትልቁ ውጤት ግን «ኢ ቪቫ ኤስፓኛ» ነው። ቤልጂየማውያን ደርሰውት፣ ሳማንታ የተባለች ድምፃዊት ለስፔን ናፋቂ ጎብኚዎች የዘፈነችው ሥራ ነበር። በ1973 ማኖሎ ኤስኮባር በስፓኝኛ ሲዘፍነው ግን የእግር ኳስ ሜዳዎችን ሞላ፤ ዛሬም የአገር ፍቅር ዘፈን ነው።

ሳንሱሩ እስከ መጨረሻው አልለቀቀም። በሬዲዮ የማይተላለፉ ዘፈኖች ዝርዝር ለጣቢያዎች ይላክ ነበር። ዘፋኝና ደራሲዋ ሴሲሊያ በ1975 «ሚ ኬሪዳ ኤስፓኛ» ላይ አገሯን «ሕያው» እና «ሙት» ብላ ጠርታ ነበር፤ በታተመው ሸክላ ላይ ግን ቃላቱ «የኔ» እና «የኛ» ተብለው ተለወጡ። ፍራንኮ በኅዳር 1975 ሞተ። ሴሲሊያም በቀጣዩ ነሐሴ በመኪና አደጋ ሞተች፤ 27 ዓመቷ ነበር። በ1976 መጸው ላይ የኡዌልቫው ባንድ ሃርቻ ዲያሪዮ 16 የተባለውን አዲስ ጋዜጣ ለማስተዋወቅ «ሊቤርታድ ሲን ኢራ»ን፣ «ቁጣ የሌለበት ነፃነት»ን፣ አወጣ። መንግሥት በሬዲዮ እንዳይተላለፍ ከለከለው። እገዳው ብዙም ሳይቆይ ሲነሳ ዘፈኑ የደረጃ ሠንጠረዡ አናት ላይ ወጣ፤ በሰኔ 1977 የተካሄደው የመጀመሪያ ነፃ ምርጫም በስፔን ጎዳናዎች ይህ ዘፈን እየተዘፈነ ደረሰ።