ኮምፒውተር ከሃምሳ በኋላ፦ ደብረ ብርሃን ላይ ደጋግሜ የምሰማቸው ስህተቶች

ደብረ ብርሃን ውስጥ መሠረታዊ ኮምፒውተር አስተምራለሁ። ከሰዓት በኋላ ከሚመጡት ተማሪዎቼ አብዛኞቹ ሃምሳን የተሻገሩ ናቸው፦ በ60 ዓመታቸው ጡረታ ወጥተው በኮንትራት መሥራት የሚፈልጉ፣ ልጅ ለማሳደግ ሥራ ትተው ልጆቹ ሲደርሱላቸው የተመለሱ፣ ከመንዝና ከይፋት ኑሯቸውን ወደ ከተማው ያዞሩ። ከተማው ውስጥ ፋብሪካው በዝቷል፣ የሥራ ማስታወቂያውም እንደዚያው። ግን «መሠረታዊ የኮምፒውተር ችሎታ ያለው/ያላት» የምትለውን መስመር ሲያነቡ ብዙዎቹ ማስረጃቸውን ሳያስገቡ ይመለሳሉ። ይህ በጣም ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም የሚመልሳቸው አብዛኛው ነገር እውነት አይደለም።

«አንድ ቁልፍ ብሳሳት አበላሸዋለሁ»

መዝገብ ቤት ለዓመታት የሠሩ አንዲት እናት የመጀመሪያ ቀን እጃቸውን ከነጠላቸው ሥር አላወጡም። «ልጄ፣ የሰው ንብረት ነው፤ አንተው ንካልኝ» አሉኝ። «እትዬ፣ እስቲ ይህን ጽሑፍ ሙሉውን ያጥፉት» አልኳቸው። ፈሩ፣ ግን አጠፉት። ከዚያ ኮንትሮል (Ctrl) የሚለውን ቁልፍ ይዘው ዜድን (Z) እንዲነኩ ነገርኳቸው፤ ጽሑፉ ተመለሰ። ደግመው አጠፉት፣ ደግመው መለሱት። ለብዙ ደቂቃ ሌላ ነገር አልሠራንም፣ መሥራትም አላስፈለገንም።

ሥራ የሚያጠፋው ሌላ ነው። መብራት ሲሄድ ባትሪ የሌለው ዴስክቶፕ ወዲያው ይጠፋል፣ ሴቭ ያልተደረገው፣ ማለትም ያልተቀመጠው ሥራም አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ በየአንቀጹ ሴቭ የሚያደርጉትን ኮንትሮልና ኤስ (S) መንካት ነው። ሁለተኛው ፍላሽ ነው፦ ከኮምፒውተሩ የተሰረዘ ፋይል አብዛኛውን ጊዜ ሪሳይክል ቢን በሚባለው የኮምፒውተሩ ቅርጫት ውስጥ ይገኛል፤ ከፍላሽ የተሰረዘ ግን እዚያ አይገባም። ቫይረስም በየቢሮው የሚዞረው በዚያው በፍላሽ ነው።

«እንግሊዝኛ ካልቻልኩ ኮምፒውተር አልችልም»

ለዕለት ሥራ የሚያስፈልጉት የእንግሊዝኛ ቃላት ጥቂት ናቸው፦ ፋይል፣ ሴቭ፣ ኦፕን፣ ፕሪንት፣ ኮፒ፣ ፔስት። በአፋችን የምንላቸው ስለሆኑ የሚቀረው መልካቸውን መለየት ነው። አማርኛውን ደግሞ በድምፁ ይጽፉታል። ኤስን (S) ሲነኩ «ስ» ይወጣል፣ ኢን (E) ሲያስከትሉ «ሰ» ይሆናል፤ ኤልና ኤ (L፣ A) «ላ»፣ ኤም (M) «ም»፤ ሰላም። ይህች ቃል ስክሪኑ ላይ ስትወጣ ፊታቸው ላይ የማየው ደስታ ሁልጊዜ አዲስ ይሆንብኛል።

«ፋይሉ ተበላሽቷል»

የድሮ ደብዳቤ ሲከፍቱት ፊደሉ ሁሉ የማይነበብ ምልክት ሆኖ ይመጣል። ብዙ ሰው ፋይሉ ሞቷል ብሎ ይሰርዘዋል፣ ወይም ከመጀመሪያው እንደገና ይጽፈዋል። አልሞተም። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚጋሩት የፊደላት ቁጥር ሰንጠረዥ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም የተሠራባቸው የቆዩ ፎንቶች (የፊደል ቅርጽ ፋይሎች) ፊደላችንን በላቲን ፊደል ቦታ ላይ ያስቀምጡ ነበር። ፎንቱ የሌለበት ኮምፒውተር ሥሩን፣ ማለትም ላቲኑን ያሳያል። ፎንቱ ሲጫንና ሲመረጥ አማርኛው ይመለሳል። ይህን የሚያውቅ ሰው ቢሮ ውስጥ የሰው የሳምንት ድካም ያድናል።

«ኤክሴል የሒሳብ ባለሙያ ሥራ ነው»

ኤክሴል በሰንጠረዥ መዝግቦ የሚያሰላ ፕሮግራም ነው። እዚህ ላይ ልቆይ፣ ብዙ ሰው ሥራ የሚያጣው በዚህ ነውና። ስቶር ኪፐር (ዕቃ ግምጃ ቤት ጠባቂ) የነበረ ሰው ቢን ካርድ፣ ማለትም የዕቃ መቆጣጠሪያ ካርድ ያውቃል፦ ቀን፣ የገባ፣ የወጣ፣ ቀሪ። ንብረት ሞዴል 19 በሚባል ቅጽ ገቢ፣ በሞዴል 22 ወጪ እንደሚሆን፣ ፊርማ የጎደለው ሞዴል ምን መዘዝ እንደሚያመጣ ያውቃል። ኤክሴል ያው ቢን ካርድ ነው። አዲሱ ነገር ቀሪውን ራሱ እንዲያሰላ ማዘዝ ብቻ ነው፦ የእኩል ምልክት፣ የቀደመው ቀሪ፣ ሲደመር የገባው፣ ሲቀነስ የወጣው፣ ኢንተር። ከዚያ የሳጥኑን የታችኛ ቀኝ ጥግ ይዞ ወደ ታች መጎተት። አንድ ከሰዓት ይበቃል። ሞዴል 22ን ለማያውቅ ወጣት የንብረት አያያዝ ለማስተማር ግን አንድ ከሰዓት አይበቃም።

አንድ ወጥመድ አለ፣ አስቀድሜ እነግራቸዋለሁ። ኤክሴል የሚያውቀው የፈረንጅ ቀን ነው። ጥቅምት 30ን 30/2/2016 ብለው ቢጽፉ 2ን ፌብሯሪ ብሎ ስለሚያነበውና ፌብሯሪ 30 የሚባል ቀን ስለሌለ፣ ቀን መሆኑን አይቀበልም፤ እንደ ተራ ጽሑፍ ወደ ግራ ተጠግቶ ይቀመጣል። ሌሎቹ ወደ ቀኝ ይጠጋሉ። ከዚያ በቀን ደርድር ሲሉት ይዘበራረቃል፤ ጳጉሜንማ 13ኛ ወር ስለሆነች በፈረንጁ አቆጣጠር ጭራሽ ቦታ የላትም። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ቀን፣ ወር፣ ዓመት ብሎ በሦስት ዓምድ ለያይቶ መጻፍ።

«ሰርተፍኬት ካለኝ ይበቃል»

አይበቃም። ለጸሐፊና ለመዝገብ ቤት ቦታ ብዙ ጊዜ የተግባር ፈተና አለ፤ ወረቀት ሰጥተው «ይህን ጽፈህ አትመህ አምጣ» ይላሉ። ስለዚህ በመጨረሻዎቹ ቀናት ደብዳቤ እናጽፋለን፦ ቁጥር፣ ቀን፣ ጉዳዩ፣ ግልባጭ። እኒያ የመዝገብ ቤት እናት ቀስ ብለው ጽፈው ጨረሱ። አትሙት ስላቸው ግን እጃቸውን ከማውሱ አነሱ። «ቁጥሩስ? ወጪ መዝገብ ላይ ሳይሰፍር ደብዳቤ ከቢሮ ይወጣል እንዴ?» አሉኝ።

ባዶ ኤክሴል ከፈትኩላቸው። ተራ ቁጥር፣ ቀን፣ ወር፣ ዓመት፣ ለማን፣ ጉዳዩ እያሉ ዓምዶቹን ራሳቸው ሞሏቸው።