ፓርኩር፦ ሥልጠናው፣ ጫማው እና ከሕግ አስከባሪዎች ጋር ያለው ግንኙነት

ፓርኩር አንድ ሰው ያለ ምንም መሣሪያ፣ በገዛ አካሉ ብቻ፣ ከቦታ ወደ ቦታ በፍጥነት፣ ጉልበቱን ሳያባክንና ጉዳት ሳይደርስበት መሻገርን የሚማርበት የእንቅስቃሴ ልምምድ ነው። ግንብ ሲያጋጥም መውጣት፣ አጥር ሲያጋጥም መዝለል፣ በደረጃ መደገፊያ ብረት ላይ ሚዛን ጠብቆ መራመድ፣ በብረቶች መካከል ሾልኮ ማለፍ፣ ክፍተትን ተሻግሮ በጠባብ ጠርዝ ላይ ማረፍ የልምምዱ ዋና ዋና ክፍሎች ናቸው። የሚለማመደው ወንድ «ትራሰር»፣ ሴቷ ደግሞ «ትራሰዝ» ትባላለች፤ ቃላቱ መስመር ማስመርን ከሚያመለክት የፈረንሳይኛ ግስ የወጡ ሲሆን፣ ግሱ በተራው ሕዝብ አነጋገር ፈጥኖ መሄድ የሚል ፍቺም አለው።

በፊልሞችና በአጫጭር ቪዲዮዎች ምክንያት ፓርኩር ለብዙዎች ከጣሪያ ወደ ጣሪያ መዝለል ሆኖ ይታያቸዋል። አብዛኛው ሥልጠና ግን የሚካሄደው ከጉልበት ወይም ከወገብ በማይበልጥ ከፍታ ላይ፣ አንዱን እንቅስቃሴ ደጋግሞ በመሥራት ነው። ለዓመታት የሠለጠነ ሰው እንኳ አንድ ሙሉ ከሰዓት በሁለት ዝቅተኛ ግንቦች መካከል ሊያሳልፍ ይችላል። ከዳር ሆኖ ለሚመለከት አሰልቺ የሚመስለው ይህ ድግግሞሽ የልምምዱ እምብርት ነው፤ ስለ ጫማ የሚነሣውም ጥያቄ ሆነ ከጥበቃና ከፖሊስ ጋር የሚፈጠረው ችግር ያለ እርሱ በትክክል አይገባም።

አመጣጡ

የፓርኩር ሥር እስከ ፈረንሳዊው የባሕር ኃይል መኮንን ዦርዥ ኤቤር ድረስ ይዘልቃል። እ.ኤ.አ. በ1902 በማርቲኒክ ደሴት የፔሌ ተራራ እሳተ ገሞራ የሴንት ፒየርን ከተማ ሲያወድም በነፍስ አድን ሥራው የተሳተፈው ኤቤር፣ በኋላ «ተፈጥሯዊ ዘዴ» ብሎ የሰየመውን የአካል ማሠልጠኛ ሥርዓት አዘጋጀ። ሥርዓቱ መራመድን፣ መሮጥን፣ መዝለልን፣ በአራት እግር መሄድን፣ መውጣትን፣ ሚዛን መጠበቅን፣ መወርወርን፣ ማንሳትን፣ ራስን መከላከልንና ዋናን ያካተተ ሲሆን፣ መሪ ቃሉም «ጠቃሚ ለመሆን መጠንከር» የሚል ነበር። ለፈረንሳይ ወታደሮች የሚዘጋጀው የመሰናክል ማሠልጠኛ ሜዳም ከዚህ አስተሳሰብ ጋር የተያያዘ ነው።

ይህን ውርስ ወደ ከተማ ካመጡት ሰዎች መካከል ግንባር ቀደሙ ሬይሞን ቤል ነው። በ1939 በቬትናም ተወልዶ በጦርነቱ ከቤተሰቡ የተለየው ቤል፣ በወታደራዊ ትምህርት ቤት ውስጥ ደካማ ሆኖ ላለመገኘት ራሱን አሠልጥኖ፣ ኋላ በፓሪስ የእሳት አደጋ ተከላካይ ቡድን ውስጥ በአካል ብቃቱ የታወቀ ሆነ። በ1969 ተቃዋሚዎች በኖትር ዳም ካቴድራል ሹል ጣሪያ ጫፍ ላይ የሰቀሉትን ባንዲራ ከሄሊኮፕተር ወርዶ ያነሣው እርሱ ነበር። በ1973 የተወለደው ልጁ ዴቪድ ቤል የአባቱን ትምህርት ይዞ ከፓሪስ በስተ ደቡብ በምትገኘው በሊስ ከጓደኞቹ ጋር መለማመድ ጀመረ። በ1997 ከእነ ያን ናውትራ፣ ሴባስቲያን ፉካን፣ ሻው ቤል ዲን፣ ዊልያምስ ቤል እና ሎራን ፒዬሞንቴዚ ጋር «ያማካሲ» የተባለው ቡድን ተመሠረተ፤ ስሙ ከኮንጎው የሊንጋላ ቋንቋ የተወሰደ ሲሆን ጥንካሬን ያመለክታል። የቡድኑ አባላት ልምምዳቸውን «የመንቀሳቀስ ጥበብ» ሲሉት፣ «ፓርኩር» የሚለው ስያሜ የመጣው በ1998 ተዋናዩ ዩቤር ኩንዴ «ፓርኩር» ለሚለው የፈረንሳይኛ ቃል አዲስ አጻጻፍ ለዴቪድ ቤል ካቀረበለት በኋላ ነው። ከ2003 ጀምሮ ደግሞ በብሪታንያ ቴሌቪዥን በቀረበ ዘጋቢ ፊልም አማካይነት «ፍሪረኒንግ» የሚለው ስም ተስፋፋ፤ ይህኛው ዛሬ በአብዛኛው ግልብጦሽንና የግል ፈጠራን ለሚያዘወትረው ዘርፍ ያገለግላል።

ሥልጠናው

ጥሩ አሠልጣኝ ጀማሪን መዝለል ከማስተማሩ በፊት ማረፍን ያስተምረዋል። ሰውነት መሬት ሲነካ ከጣቶች ግርጌ ባለው የእግር ክፍል ቀድሞ ይነካል፤ ተረከዝ ከነጭራሹ አይመታም ወይም ቀስ ብሎ በኋላ ይወርዳል። ጉልበቶች የእግር ጣቶች ወደሚያመለክቱበት አቅጣጫ ይታጠፋሉ እንጂ ወደ ውስጥ አይሰበሰቡም፤ ከዘጠና ዲግሪ በላይም እንዲታጠፉ አይደረግም፤ ምክንያቱም ጭነቱን መሸከም ያለባቸው የታፋና የመቀመጫ ጡንቻዎች እንጂ የጉልበት መጋጠሚያው አይደለም። የማረፊያው ጥራት የሚመዘነው በድምፁ ነው። ድምፅ የሌለው ማረፊያ ኃይሉ በጡንቻ መዋጡን ሲያሳይ፣ ጎልቶ የሚሰማ ማረፊያ ደግሞ አጥንትና መገጣጠሚያ እንደተመቱ ይናገራል። በ2013 በኒውዚላንድ ተመራማሪዎች የታተመ ጥናት በፓርኩር ስልት የሚያርፉ ሰዎች በተለመደው የስፖርት አስተራረፍ ከሚያርፉት ያነሰ የመሬት ግፊት እንደሚደርስባቸው አሳይቷል።

ከፍታው ሲጨምር ወይም ዝላዩ ወደፊት የሚገፋ ፍጥነት ሲኖረው መንከባለል ይታከልበታል። የፓርኩር መንከባለል ልጆች በሣር ላይ ከሚሠሩት ይለያል፤ ከአንዱ ትከሻ ጀርባ ተነሥቶ በሰያፍ ወደ ተቃራኒው ዳሌ ይሻገራል፣ ጭንቅላትም ሆነ አከርካሪ በቀጥታ መሬት አይነኩም። በለስላሳ ምንጣፍ ላይ ብቻ የተለማመደ ሰው ስሕተቱን አያውቀውም፤ ኮንክሪት ግን የትኛው አጥንት ቀድሞ እንደነካ ወዲያው ይነግረዋል። ስለዚህ በሣር ተጀምሮ ቀስ በቀስ ወደ ጠንካራ መሬት መሸጋገር ይመከራል።

ከዚህ በኋላ የሚመጡት እንቅስቃሴዎች ብዙ ናቸው። «ፕሪሲዥን» በሁለት እግር ተነሥቶ በጠባብ ቦታ ላይ ሳይወላወሉ ማረፍ ነው። «ቮልት» በመባል የሚታወቁት እጅን በመሰናክሉ ላይ አሳርፎ ሰውነትን የማሻገሪያ መንገዶች ናቸው፤ ከእነርሱም ሁለቱ እጆች ቀድመው እግሮች በመካከላቸው የሚያልፉበት «ኮንግ» ይገኝበታል። በክንድ ዝላይ ሰውየው ተሻግሮ የግንቡን አናት በእጆቹ ይይዛል፤ እግሮቹ ግን ከእጆቹ ጥቂት ቀድመው ግንቡን ስለሚነኩ ግጭቱን እነርሱ ይቀበሉታል። ከዚያ ተንጠልጥሎ መቅረት ስለማይቻል ራስን ስቦ ወደ ላይ መውጣት የግድ ነው፤ ብዙ ጀማሪዎች ዝላዩን ሳይሆን ይህን መውጣት ነው ለወራት የሚታገሉት።

የጡንቻ ጥንካሬ በጥቂት ወራት ሊገኝ ሲችል፣ ጅማትና አጥንት ግን ጭነትን ለመልመድ እጅግ ረጅም ጊዜ ይፈልጋሉ። በመጀመሪያው ዓመት የሚታዩት የጉልበት ሥር ሕመም፣ የቅልጥም ሕመምና የተረከዝ መቀጥቀጥ አብዛኛውን ጊዜ የሚመነጩት ከዚህ ልዩነት ነው፤ ሰውየው መዝለል የሚችለውን ያህል ማረፍ አይችልም። ስለዚህ ልምድ ያላቸው ትራሰሮች ከከፍታ መውረድን ቆጥበው፣ በአራት እግር መሄድን፣ በግንብ ላይ መጎተትን፣ ቁጭ ብድግንና ሚዛን መጠበቅን ያበዛሉ።

ከአካል ያልተናነሰ ሥልጠና የሚሻው ፍርሃት ነው። ሠልጣኙ ርቀቱን በጫማው እየለካ ይቆጥራል፤ ያንኑ ርቀት መሬት ላይ በተሰመረ መስመር ደጋግሞ ይዘላል፤ ግንቡን በእጁ ዳሶ አቧራና እርጥበት መኖሩን ያያል፤ ብረቱን አነቃንቆ መጽናቱን ያረጋግጣል፤ ዝላዩ ቢያጥር የት እንደሚወድቅና እንዴት እንደሚያመልጥ አስቀድሞ ያስባል። እነዚህን ሁሉ ከጨረሰ በኋላ አሁንም ፍርሃቱ ካልለቀቀው ጥሎ መሄድ ሙሉ በሙሉ የተከበረ ውሳኔ ነው። በተቃራኒው ዝላዩ ሲሳካ አንድ ጊዜ መሥራት አይበቃም፤ በትራሰሮች ዘንድ «አንድ ጊዜ ማለት ምንም ማለት አይደለም» የሚል አባባል አለ፤ በዕድል የተገኘ ማረፊያ በችሎታ ከተገኘው የሚለየው በመደገም ብቻ ነውና። ከያማካሲ የወረደው ሌላው ልማድ «አብረን እንጀምራለን፣ አብረን እንጨርሳለን» የሚለው ሲሆን፣ ቀድሞ የጨረሰ ሰው ተመልሶ የቀረውን ያግዛል።

ጫማው

ጀማሪዎች አስቀድመው የሚጠይቁት ስለ ጫማ ነው፤ መልሱ ግን ከሚጠበቀው ቀላል ነው። ለመጀመሪያዎቹ ወራት ተራ የመሮጫ ጫማ ይበቃል። ከዚያ በኋላ ግን ምርጫው ልዩነት ያመጣል። ሶሉ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ወጥ ጎማ ቢሆን ይመረጣል፤ በመካከሉ ጠንካራ ፕላስቲክ የተገጠመበት ሶል እግር በብረት ወይም በግንብ ጠርዝ ላይ በመሃሉ ሲያርፍ ይንሸራተታልና። ሶሉ በእጅ ሲታጠፍ የሚታጠፍ፣ ጎማውም ለስለስ ብሎ ግንብን የሚይዝ መሆን አለበት፤ ለስላሳ ጎማ ግን ቶሎ ያልቃል፤ ከዚህ ማምለጫ የለም። በጫማው አፍንጫ ላይ ስፌት ወይም መረብ የበዛበት እንደሆነ ግንብ በመውጣት ጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይቀደዳል። ማሰሪያው ከታሰረ በኋላ ጫፉ ወደ ውስጥ መግባት አለበት።

ዋናው ክርክር የሚነሣው በሶል ውፍረት ላይ ነው። ወፍራም የተረከዝ ትራስ ያለው ጫማ ምቾት ይሰጣል፤ ነገር ግን እግር ከሥሩ ያለውን ጠርዝ እንዳይሰማው ያደርጋል፣ ከመሬት ከፍ ስለሚያደርግም ቁርጭምጭሚት በቀላሉ እንዲጠመዘዝ ያጋልጣል፣ ከሁሉም በላይ መጥፎ ማረፊያን ይደብቃል። ስስ ሶል ያለው ጫማ፣ ለምሳሌ በትራሰሮች ዘንድ ለረጅም ጊዜ የተወደደው የቻይናው የፌይዩዌ የሸራ ጫማ፣ እያንዳንዱን ስሕተት ለእግር ያሳውቃል፤ ያልጠነከረ እግር ግን በእርሱ ላይ ከባድ ዝላይ ቢጀምር ይጎዳል። ሚዛናዊው አካሄድ መካከለኛ ውፍረት ያለውን ለረጅም ልምምድ ማድረግ፣ በሳምንት ጥቂት ጊዜ ደግሞ በስስ ሶል ወይም በባዶ እግር ቀላል እንቅስቃሴ መሥራት ነው። እስከ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ ቦት መሰል ጫማ ይጠብቃል የሚል እምነት አለ፤ ነገር ግን ቁርጭምጭሚት በነፃነት ታጥፎ ኃይልን መቀበል ስላለበት አብዛኞቹ አይመርጡትም። አዲስ ጫማ በተገዛ ቀን የለመዱትን ዝላይ በዝቅተኛ ቦታ እንደገና መሞከር ያስፈልጋል፤ ያንኑ ርቀት የሚዘል እግር በአዲስ ሶል ላይ በተለየ መንገድ ይይዛል። ጓንት በአብዛኛው አይደረግም፤ የእጅ መዳፍ ቆዳ በልምምድ ይጠነክራል፣ መንካትም ይሻለዋል።

ከሕግ አስከባሪዎች ጋር

በሊስ ከተማ «የሐይቁ እመቤት» የተባለ፣ ቀራፂው ፒዬር ሴኬሊ በ1970ዎቹ የሠራው ግዙፍ የኮንክሪት መወጣጫ አለ። ያማካሲዎች ያደጉበት ይህ ሥራ ለመውጣት ተብሎ የታነጸ ሆኖ ሳለ በኋላ ለደኅንነት ሲባል መውጣት ተከለከለበት። ትራሰሮች ከባለሥልጣናት ጋር ያላቸው ግንኙነት ሁሉ በዚህ አንድ ግንብ ላይ ይታያል፦ ቦታው ለእንቅስቃሴ የተመቸ ነው፤ ኃላፊው ግን ሰው ቢጎዳ ማን ይጠየቃል ብሎ ይሰጋል።

ሕጉ ከአገር አገር ይለያያል። በእንግሊዝና በዌልስ ያለ ፈቃድ በሰው ይዞታ መግባት በራሱ በአብዛኛው የፍትሐ ብሔር ጉዳይ ሲሆን፣ እንደ ባቡር ሐዲድ ያሉ ቦታዎች ግን በወንጀል ያስጠይቃሉ። በጀርመን የታጠረ ይዞታ ውስጥ መግባት ወይም ውጣ ሲባል አለመውጣት በባለቤቱ አቤቱታ የሚታይ ወንጀል ነው። ስለዚህ ትራሰሩ በየትም አገር ቢሆን መጀመሪያ ማወቅ ያለበት የቆመበት መሬት የማን እንደሆነ ነው፤ ለሕዝብ ክፍት የሚመስል ብዙ አደባባይ የግል ይዞታ ነውና።

የተጠያቂነት ስጋት ብዙ ጊዜ ከእውነቱ የተጋነነ ነው። በ2003 የብሪታንያ የጌቶች ምክር ቤት፣ በወቅቱ የአገሪቱ የመጨረሻ ፍርድ ቤት ሆኖ፣ ጥልቀት በሌለው ሐይቅ ውስጥ ዘሎ አካሉ ሽባ የሆነ ወጣት የቦታው ባለይዞታ በሆነው በኮንግልተን አካባቢ አስተዳደር ላይ ያቀረበውን ክስ ሲመረምር፣ ግልጽ የሆነን አደጋ ራሱ ፈቅዶ የተቀበለ ሰው ባለይዞታውን ሊከስ እንደማይችል፣ ለጥቂቶች ሲባል የብዙዎች ጉዳት የለሽ መዝናኛ መከልከሉም ፍትሐዊ እንዳልሆነ ወስኗል። በርካታ የቦታ ኃላፊዎች ይህን አያውቁም፤ አክብሮት በተሞላበት ደብዳቤ የተነገራቸው ግን አቋማቸውን የሚለውጡበት ጊዜ አለ።

በቦታው ላይ የሚሆነው ነገር በሕግ ጽሑፍ ሳይሆን በአነጋገር ይወሰናል። ጥበቃው ሥራውን እየሠራ ነው፤ ትራሰር ሲሮጥ ካየ ሌባ ነው ብሎ ይጠረጥራል፤ ሰው ቆሞ ሰላም ካለው ግን ያናግራል። ስለዚህ አለመሮጥ፣ ምን እንደሚሠሩ በአጭሩ ማስረዳት፣ ውጡ ሲባሉም ሳይከራከሩ መውጣትና ኋላ ኃላፊውን ፈልጎ ፈቃድ መጠየቅ ልምድ ያላቸው ቡድኖች የሚከተሉት መንገድ ነው። ከመለማመዳቸው በፊት የተሰባበረ ጠርሙስ የሚያነሡ፣ ቀለሙ የሚበላሽ ወይም ድንጋዩ የላላ ግንብ የማይነኩ፣ በመኖሪያ ቤት መስኮት ሥር የማይጮኹ፣ አረጋውያን ሲያልፉ ልምምዱን የሚያቆሙ ሰዎች በጎረቤት ዘንድ ቅሬታ አያስነሡም። ጣሪያ ላይ መውጣት ግን ለብቻው የሚታይ ጉዳይ ነው፤ በዚያ የሚወድቅ ሰው ራሱን ብቻ ሳይሆን ከሥር ያለውንም ይጎዳል፤ አንድ የጣሪያ ቪዲዮም በከተማው ለሚለማመዱ ሁሉ በሩን ሊዘጋ ይችላል። በእኔ እምነት በዚህ ጉዳይ የባለሥልጣናቱ ጥብቅነት ትክክል ነው።

ከግለሰብ ባሻገር ሁኔታው ተሻሽሏል። በብሪታንያ በ2013 ለፓርኩር መሣሪያዎች ብሔራዊ የደኅንነት መለኪያ ወጥቷል፤ በጥር 2017 ደግሞ አገሪቱ ፓርኩርን በይፋ እንደ ስፖርት በመቀበል ከዓለም የመጀመሪያዋ ሆናለች። እውቅናው ማኅበራት ኢንሹራንስ እንዲያገኙ፣ አሠልጣኞች ብቃታቸው በምስክር ወረቀት እንዲረጋገጥ፣ ትምህርት ቤቶችም በራቸውን እንዲከፍቱ አግዟል። የዓለም የጂምናስቲክ ፌዴሬሽን በ2018 ባኩ ላይ ባካሄደው ጉባኤ ፓርኩርን ከዘርፎቹ አንዱ አድርጎ ሲቀበል ግን ብዙ የትራሰር ማኅበራት ተቃወሙ፤ እነርሱ የተቃወሙት ውድድርን ብቻ ሳይሆን ልምምዱን ያልመሠረተ ተቋም እንዲያስተዳድረው መደረጉን ነበር። ፌዴሬሽኑ የመጀመሪያውን የዓለም ሻምፒዮና በ2022 በቶኪዮ ያካሄደ ሲሆን፣ ክርክሩ ግን አልተቋጨም።

ብዙ ከተሞች ለፓርኩር ብቻ የተሠሩ መናፈሻዎችን አቋቁመዋል። ለልጆችና ለጀማሪዎች ትልቅ ጥቅም አላቸው፤ ብረቶቹ ጽኑ ናቸው፣ ርቀቶቹ ተለክተዋል፣ ከማንም ጋር ጭቅጭቅ የለም። ነገር ግን ርቀቱን ሌላ ሰው በለካበት ቦታ ብቻ ያደገ ሠልጣኝ ግንብን ዳስሶ፣ አቧራውን ጠርጎ፣ በጫማው ለክቶ የመወሰን ልማድ አያዳብርም። ጥሩ አሠልጣኞች ይህን ስለሚያውቁ በሳምንት አንድ ቀን ሠልጣኞቻቸውን ወደ ተራ ደረጃና ወደ ተራ አጥር ይዘዋቸው ይወጣሉ፤ ከመጀመራቸው በፊትም ከልጆቹ አንዱን ወደ ቦታው ጥበቃ ልከው ፈቃድ እንዲጠይቅ ያደርጋሉ።