ዶሚኒካ፦ ተራራ የበዛባት የካሪቢያን ደሴት

ዶሚኒካ በምሥራቅ ካሪቢያን፣ በጓዴሎፕና በማርቲኒክ መካከል የምትገኝ፣ 750 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋትና ወደ 70,000 የሚጠጋ ሕዝብ ያላት ሪፐብሊክ ናት። በስም መመሳሰል ብዙ ጊዜ ከዶሚኒካን ሪፐብሊክ ጋር ብትምታታም፣ ሁለቱ ፈጽሞ የተለያዩ አገሮች ናቸው።

ደሴቲቱ በእሳተ ገሞራ የተፈጠረች ስትሆን፣ ከፍተኛው ተራራዋ ሞርን ዲያብሎታን 1,447 ሜትር ይደርሳል። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1997 በዓለም ቅርስነት በመዘገበው የሞርን ትሯ ፒቶን ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ከምድር በሚወጣ ትኩስ ጋዝ የሚንተከተክ ሐይቅ አለ። ከአትላንቲክ የሚመጣው እርጥብ ነፋስ ተራሮቹን ሲገጥም ከባድ ዝናብ ስለሚያወርድ ደኑ ጥቅጥቅ ያለ፣ ወንዙም ብዙ ነው፤ የጉዞ ማስታወቂያዎች የሚያሳዩት ነጭ አሸዋ ግን እምብዛም አይገኝም። እ.ኤ.አ. በ2017 መስከረም ወር የመታት ማሪያ የተባለው አውሎ ነፋስ የአብዛኞቹን ቤቶች ጣሪያ ከመግፈፉም በላይ ደኑን ክፉኛ ጎድቶታል።

የሕዝቡን ታሪክ በአመዛኙ የወሰነው ይኸው ወጣ ገባ መልክዓ ምድር ነው። ኮሎምበስ በ1493 ቢያያትም፣ ነባሮቹ ካሊናጎዎች አጥብቀው ስለተከላከሉ አውሮፓውያን ለረጅም ጊዜ ሊሰፍሩባት አልቻሉም። ፈረንሳውያን ሰፋሪዎች ቀስ በቀስ ከገቡ በኋላ በ1763 የፓሪስ ውል ለብሪታንያ ተሰጠች። ለሸንኮራ አገዳ የሚሆን ሜዳ ጥቂት በመሆኑ የእርሻ ይዞታዎቹ የባርቤዶስን ያህል አልተስፋፉም፤ ከባርነት ያመለጡ አፍሪካውያንም ተራሮቹን መሸሸጊያ አድርገው ቅኝ ገዢዎቹን ለዓመታት ተዋግተዋል። የዛሬው ሕዝብ አብዛኛው በባርነት የተጋዙ አፍሪካውያን ዘር ነው። አገሪቱ ኖቬምበር 3 ቀን 1978 ነፃነቷን ያገኘች ሲሆን፣ የሥራ ቋንቋዋ እንግሊዝኛ ቢሆንም ከፈረንሳይኛ የተወለደው ክሪዮል በስፋት ይነገራል፤ የፈረንሳውያኑ አሻራ በቦታ ስሞችና በካቶሊክ እምነትም ጎልቶ ይታያል። ዋና ከተማዋ ሮዞ በምዕራቡ ዳርቻ ላይ ትገኛለች።

በብዙዎቹ የካሪቢያን ደሴቶች ነባሩ ሕዝብ በጦርነት፣ በበሽታና በግዳጅ ሥራ ሲያልቅ፣ 3,000 ያህል ካሊናጎዎች እስከ ዛሬ በሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ ይኖራሉ። የቅኝ አስተዳደሩ በ1903 የከለለላቸው 3,700 ኤከር መሬት የጋራ ይዞታ በመሆኑ ማንም ግለሰብ ሊሸጠው አይችልም። ይህ ደንብ መሬቱን ከባዕድ እጅ ጠብቆላቸዋል፤ በአንጻሩ ነዋሪው ይዞታውን ለባንክ ብድር ዋስትና ማስያዝ አለመቻሉ ሥራ ለመጀመር ለሚፈልግ ሰው እውነተኛ እንቅፋት ነው። አካባቢውን የሚያስተዳድሩት በምርጫ የሚሰየሙ አለቃና ምክር ቤት ናቸው። ላሩማ ከሚባል ሸምበቆ መሰል ተክል ቅርጫት መሥራትና ከግንድ ጀልባ መፈልፈል ዛሬም ያልተቋረጡ ሙያዎቻቸው ናቸው። በ2023 ከካሊናጎ ወገን የሆኑት ሲልቫኒ በርተን በፓርላማ ተመርጠው የዶሚኒካ ፕሬዚዳንት ሆነዋል፤ ሥልጣኑ በአመዛኙ የክብር ቢሆንም፣ ከነባሩ ሕዝብ ቦታውን የያዙ የመጀመሪያዋ ሰው እርሳቸው ናቸው።