ሀዋሳ፦ ፓርኩ ቀድሞ፣ ቤቱ ዘግይቶ

ሀዋሳ ገና ወጣት ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በ1950ዎቹ ሐይቁ ዳር የተቆረቆረች ስትሆን፣ መንገዶቿ ሰፋ ብለው ቀጥ ያሉትም ከጅምሩ በፕላን ስለተሠራች ነው። ስሟ ሲነሳ የሐይቁ ዳር ዓሣ ገበያ አሞራ ገደልና የዓሣ ጥብስ፣ ዩኒቨርሲቲና የመንግሥት ቢሮ ነበር የሚታወሰው። በ1999ኙ ቆጠራ የከተማው ነዋሪ ገና 157 ሺህ አካባቢ ነበር። ከ2012 ወዲህ የሲዳማ ክልል ዋና ከተማ ናት።

ነገሩን የለወጠው ግን በሐምሌ 2008 የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ ነው። የቻይናው የግንባታ ኩባንያ ሲሲኢሲሲ ዘጠኝ ወር አካባቢ ወስዶበት ገነባው፤ ፒቪኤች የተባለው የአሜሪካ የልብስ ኩባንያ ደግሞ አቅራቢዎቹን ይዞ ገባ። ሐይቁ መውጫ ወንዝ የለውም። የገባበት ቆሻሻ እዚያው ይቀራል። ስለዚህ ፓርኩ ፍሳሹን አጣርቶ መልሶ እንዲጠቀም ተደርጎ ነው የተሠራው፤ በኔ ግምት ከተሠሩት ነገሮች ሁሉ በደንብ የታሰበበት ይሄ ነው።

ያልታሰበበት የሰው ማደሪያ ነው። ዕቅዱ 60 ሺህ ሥራ ነበር፣ እዚያ ባይደርስም በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞች ገቡ። አብዛኞቹ ከሲዳማ ገጠር ቀበሌዎች የተመለመሉ፣ ደመወዝ የሚባል ነገር አይተው የማያውቁ ወጣት ሴቶች ናቸው። መነሻ ደመወዙ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከ1,000 ብር በታች ነበር፣ አገሪቱም ለግል ድርጅት የወሰነችው ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል አልነበራትም። እንግዲህ በዚህ ብር ማን ብቻውን ቤት ይከራያል? ሦስት አራት ሆነው አንድ ክፍል ይይዛሉ፣ ፍራሽ መሬት ላይ ያነጥፋሉ፣ አስቤዛ በጋራ ያወጣሉ። ግቢው ሰፋ ያለ ባለቤት በጓሮው ክፍል ደርድሮ አከራየ፤ በፓርኩ መምጣት መጀመሪያ የተጠቀመ ካለ እሱ ነው። ብዙዎቹ ሠራተኞች ጥቂት ወራት ሠርተው ይለቁ ነበር። አሠሪዎች «ሥራ አይወዱም» ይሉ ነበር። ሂሳቡን ግን አብረን ብንሠራው፣ ከኪራይና ከምግብ የተረፈው ለቤተሰብ የሚላክ ይቅርና ለታክሲም አይበቃም።

በ2014 ነገሩ ተበላሸ። በሰሜኑ ጦርነት ሳቢያ ፒቪኤች ወጣ፣ ብዙም ሳይቆይ አሜሪካ ኢትዮጵያን አጎዋ ከተባለው፣ የአፍሪካ ሸቀጦች ያለቀረጥ ወደ አሜሪካ ከሚገቡበት ዕድል አስወጣች። ከቀሩት ፋብሪካዎች አንዳንዶቹ ሠራተኛ ቀነሱ። ሥራ ያጡት ግማሾቹ ወደ ገጠር ተመለሱ፤ ሌሎቹ ቡና እያፈሉ፣ ጉሊት እየነገዱ እዚያው ቀሩ።